ቃልን ሁሉ ስለሚያምን ሰው

አዳማ ውስጥ ለወላጆችና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 14 ቁጥር 15 ላይ አንድ አጭር ቃል አለ፦ «የዋህ ቃልን ሁሉ ያምናል፤ ብልህ ግን አካሄዱን ይመለከታል።» ይህን ቃል በልጅነቴ ሳነበው ግር ይለኝ ነበር፤ በአማርኛችን «የዋህ» ማለት ምስጋና ነውና። ለልጇ ሚስት የምታጠያይቅ እናት «ልጅቱ የዋህ ናት» ከተባለች ሌላ ምስክር አትፈልግም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሟቹን በአንድ ቃል እናንሳው ብንል «የዋህ ነበረ እኮ» ከማለት የሚበልጥ አናገኝም። ጌታም በተራራው ስብከቱ «የዋሆች ብፁዓን ናቸው፥ ምድርን ይወርሳሉና» ብሏል። ታዲያ ወንጌሉ ብፁዕ ያለውን ሰው መጽሐፈ ምሳሌ የተነገረውን ሁሉ የሚውጥ አድርጎ የሚነቅፈው እንዴት ነው?

ነገሩ ያለው በቋንቋችን ውስጥ ነው። እኛ በአንድ «የዋህ» የምንጠራቸው ሰዎች በዕብራይስጡ ሁለት የተለያዩ ስሞች አሏቸው። አንደኛው «ዐናው» ነው፤ ገር፣ ትሑት፣ ራሱን ከፍ የማያደርግ ማለት ነው። ጌታ ምድርን ይወርሳሉ ያላቸው፣ በመዝሙር 37 ላይ አስቀድሞ የተነገረላቸው እነዚህ ናቸው። ሁለተኛው «ፔቲ» ነው፤ የ14፥15 ሰው እርሱ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ በሌሎች ቦታዎች «አላዋቂ» ይለዋል። ይህ ስም የመጣው ከማባበል ግሥ ሥር ነው። በምዕራፍ 1 ቁጥር 10 «ልጄ ሆይ፥ ኃጢአተኞች ቢያባብሉህ እሺ አትበል» ሲል «ቢያባብሉህ» ያለው ከዚያው ሥር የወጣ ነው። እንግዲህ ፔቲ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንቆሮም አይደለም፤ ለመባበል የተመቸ፣ በሩ ለገባ ለወጣው ሁሉ ክፍት የሆነ ሰው ነው።

ገርነትና ተባባይነት አንድ እንዳልሆኑ ከሙሴ የበለጠ የሚያሳይ የለም። መጽሐፉ በዘኍልቍ 12፥3 በምድር ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት የነበረው እርሱ መሆኑን ይመሰክራል፤ ቃሉም ያው «ዐናው» ነው። ይህ ገር ሰው ግን ከፈርዖን ጋር ሲነጋገር ምን ያህል ዓይኑ እንደተከፈተ ተመልከቱ። ፈርዖን መጀመሪያ «እዚሁ አገር ውስጥ ሠዉ» አለው። ቀጥሎ «ሂዱ፤ ግን እጅግ አትራቁ» አለው። ከዚያ «ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ» አለ። በመጨረሻም «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መንጋው ብቻ ይቅር» አለ። እያንዳንዱ ቃል ከፊተኛው ይልቅ የሚያጓጓ ነበር፤ ለሰለቸው ሕዝብ «ይህስ ምን አለበት?» የሚያሰኝ ነበር። ሙሴ ግን «አንድ ሰኮና አይቀርም» ብሎ መለሰ። ከምድር ሰዎች ሁሉ ትሑቱ ሰው በአንዲት ሰኮና አልተታለለም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የምናገረው እናቶቻችን የሚያመሰግኑትን ገርነት ለማጥፋት አይደለም። ያ የዋህነት ልብ ውስጥ ነው፤ ይቀመጥልን። የምናገረው ጆሮ ላይ ስላለው የዋህነት ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ የተጻፈበትን ምክንያት መግቢያው ላይ ራሱ ይናገራል፦ ብልሃትን ለአላዋቂዎች ለመስጠት፣ ለጎበዛዝትም እውቀትንና ጥንቃቄን። አላዋቂው በመጽሐፉ ደጃፍ ላይ ገና ከመግባታችን የተጠራ ተማሪ ነው። ቃሉ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ምዕራፎች ውስጥ መሆናቸውም ይህንኑ ያሳያል፤ አስተማሪው ገና ትምህርቱን ሲጀምር የሚያነጋግረው ከፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ነው። በነገራችን ላይ በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት አቆጣጠር ይህ መጽሐፍ በሁለት ይከፈላል፤ እስከ ምዕራፍ 24 ያለው «ምሳሌ»፣ ከ25 ጀምሮ ያለው «ተግሣጽ» ይባላል። የእኛ ጉዳይ በአብዛኛው የፊተኛው ክፍል ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጥበብ የጎደላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ካልያዝን ምክሩም ይምታታብናል። አንዱ አላዋቂው ነው። ሌላው በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሰነፍ» የተባለው ነው። ዛሬ ሰነፍ ስንል ሥራ የማይወደውን ነው፤ በመጽሐፉ ግን ሥራ የማይወደው «ታካች» ይባላል፤ «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጕንዳን ሂድ» እንደተባለው። ሰነፍ በመጽሐፉ ቋንቋ የተነገረውን ሰምቶ አልሰማም ያለ፣ ስሕተቱን የሚደጋግም ሰው ነው። ሦስተኛው ፌዘኛ ነው፤ ሁሉን የሚንቅ፣ ማንንም የማያምን፣ ተግሣጽ ሲሰጡት ተግሣጹን የሚጠላ። ከሦስቱ ውስጥ በተስፋ የሚጠራው በተለይ አላዋቂው ነው፤ ምክንያቱም ገና አልደረቀም። ጭቃው እርጥብ ነው። ይህ ደስ የሚል ዜና ቢሆንም የሚያስፈራ ጎንም አለው፤ እርጥብ ጭቃን ማንም ይቀርጸዋል፤ አላዋቂ ሆኖ የሚኖር ሰው ደግሞ የለም፤ ወይ ወደ ብልህነት ያድጋል፣ ወይ ሰነፍ ይሆናል፣ ወይም አንድ ቀን ክፉኛ ተታልሎ ፌዘኛ ሆኖ ይነሣል።

ዳዊት መድገም የለመዳችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመዝሙር 19፣ በግእዙ አቆጣጠር 18 በሚሆነው፣ የእግዚአብሔር ምስክር የታመነ ነው፣ «ሕፃናትን ጠቢባን ያደርጋል» እንላለን። ዕብራይስጡ እዚህ ላይ ያለው ያው «ፔቲ» ነው፤ የግሪኩ ተርጓሚዎች «ሕፃናት» ብለው ተረጎሙት፤ እኛም በዚያው መንገድ ተቀበልነው። ቆንጆ ትርጉም ነው። ሕፃን መሆን ወንጀል አይደለም፤ ሁላችንም በዚያ አልፈናል። ነቀፋው የሚመጣው በምሳሌ 1፥22 ነው፤ ጥበብ በአደባባይ ቆማ «እስከ መቼ አላዋቂነትን ትወድዳላችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። «እስከ መቼ አታውቁም?» አላለችም፤ «ትወድዳላችሁ» ነው ያለችው።

አላዋቂነትን ማን ይወዳል? እኔ መልሱን ያገኘሁት በሥራዬ ነው። ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻና አቤቱታ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አንዲት ጠረጴዛ፣ አንዲት የጽሕፈት መኪና፣ ከፊቴ ለባለጉዳይ የሚሆን በርጩማ። በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከነገሩኝ ቃላት ሁሉ ከማንኛውም የበለጠ የሰማሁት «ሳላነብ ነው የፈረምሁት» የሚለውን ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ቢሆኑ ባልገረመኝ። አብዛኞቹ ግን ይችሉ ነበር። ለምን አላነበቡም? ማንበብ ማለት ኃላፊነት መውሰድ ስለሆነ ነው። ያነበበ ሰው «አላውቅም ነበር» ማለት አይችልም። አለማወቅ ምቹ ነው፤ ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ለማሳረፍ በር ይከፍታል። «ትወድዳላችሁ» የሚለው ቃል የሚነካው ይህንን ምቾት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ምዕራፍ 9 ልውሰዳችሁ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ብንቆይ ደስ ይለኛል። በዚህ ምዕራፍ ሁለት ሴቶች አሉ፤ ጥበብና ስንፍና። ሁለቱም በከተማው ከፍተኛ ቦታ ላይ ሆነው አላፊ አግዳሚውን ይጠራሉ። የሚያስደንቀው የሚጠሩት ሰው አንድ መሆኑ ነው፤ ጥሪያቸውም ቃል በቃል አንድ ነው፦ አላዋቂ የሆነ ወደዚህ ፈቀቅ ይበል! በቁጥር 4 ጥበብ ትለዋለች፣ በቁጥር 16 ስንፍና ያንኑ ትደግመዋለች። እንግዲህ አላዋቂው የቆመው በሁለት ድምፅ መካከል ነው፤ በቃላቸው ሊለያቸው አይችልም። አዳማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። አንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ አሰላና ባሌ፣ አንዱ ወደ አዋሽና ጅቡቲ በሚለያይበት ከተማ መናኸሪያ ውስጥ የቆመ እንግዳ የሚሰማው ሁሉም «ና፣ በዚህ ነው፣ ግባ» የሚል ነው። ጥሪው አንድ ነው፤ የሚያደርስበት ግን ይለያያል።

ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን? መጽሐፉ በቤታቸው እንድናያቸው ይተወናል። ጥበብ ቤቷን ሠርታለች፣ ሰባት ምሰሶ አቁማለች፣ ፍሪዳዋን አርዳለች፣ ወይኗን ደባልቃለች፣ ማዕዷን አሰናድታለች፣ ገረዶቿን ልካለች። ከጥሪዋ በፊት ሥራዋ አለ። ስንፍና ግን በቤቷ ደጅ በወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ያረደችው የለም፣ የጋገረችው የለም። የምታቀርበውም ራሷ ያልደከመችበትን ነው፦ «የስርቆት ውኃ ይጣፍጣል፥ የተሸሸገም እንጀራ ደስ ያሰኛል።» ልብ በሉ፤ አንደኛዋ ግብዣዋን በገረዶች አስነግራ በከተማው ሁሉ ታሰማለች፤ የሁለተኛዋ ማዕድ ጣዕሙ መሸሸጉ ነው።

«የተሸሸገ እንጀራ» የሚለውን ቃል እኔ በገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርሁት። 18 ዓመቴ ነበር። አባቴ የስንዴ ሽያጭ ገንዘብ አስይዞኝ፣ ቆርቆሮ ገዝቼ እንድመለስ አዝዞኝ ከአሰላ በኩል መጣሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ ጥቂት እንደሄድሁ ከፊቴ የሚሄድ ሰው አንድ የተጠቀለለ መሐረብ ጣለ። ከጎኔ የነበረ ሌላ ሰው አንሥቶ ፈታው፤ ሐብልና ቀለበት፣ ከሐብሉም ጋር ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ። ደረሰኙን ለእኔ ሰጥቶ «አንብብልኝ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» አለኝ። አነበብሁለት፤ የወርቁ ክብደት በግራም፣ ዋጋውም በብር ተጽፎ ነበር። ሰውየው ግራና ቀኝ አይቶ «ዝም በል፤ ለማንም አትናገር፤ እንካፈላለን» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወርቁ በእኔ እጅ እንዲቆይ፣ ገንዘቤ በእርሱ እጅ መያዣ እንዲሆን ተስማማን፤ እርሱም የሚመዝንልንን ሰው ሊጠራ ሄደ። ማታ አጎቴ ቤት ስደርስ ሐብሉ ላብ በነካው በኩል አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

አጎቴ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ብዙ አይናገርም። ታሪኩን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ዝም በል ያለህ ሰው፣ ማን እንዳይሰማ ፈርቶ ነው?» መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር የተታለልሁት በየዋህነቴ ብቻ አልነበረም። የወርቁ ባለቤት ከፊታችን እየሄደ ነበር፤ ጠርቼ ልመልስለት እችል ነበር። የዚያን ቀን እኔም ከተሸሸገው እንጀራ መብላት ፈልጌ ነበር። አታላይ የሚሰርቀው ብዙ ጊዜ ትንሽ ስርቆት በልቡ የፈቀደውን ሰው ነው፤ ለዚህም ነው የተታለለው ሰው አፍሮ ዝም የሚለው፤ ዝምታው ደግሞ ነገ ለሚታለለው ሌላ ሰው ወጥመድ ይሆናል። ዛሬ መሐረቡ ወደ ስልክ ገብቷል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ፣ ለሌላ ሰው ግን እንዳይናገሩ» የሚለው ድምፅ በደጅ ላይ የተቀመጠችው የዚያችው ሴት ድምፅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ደረሰኙ ነው። እኔ እኮ መርምሬአለሁ! ማኅተም አይቻለሁ፣ ግራሙን አንብቤአለሁ። ይህ ነገር እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ዓመት ወሰደብኝ፤ የገባኝም ኢያሱ ምዕራፍ 9ን ሳነብ ነው። የገባዖን ሰዎች ቅርብ ጎረቤት ሆነው ሳለ ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ወደ እስራኤል ሰፈር መጡ። ያረጀ ስልቻ በአህዮቻቸው ጭነዋል፣ የተቀደደና የተሰፋ የወይን አቁማዳ ይዘዋል፣ የተጠጋገነ ጫማ ተጫምተዋል፣ ስንቃቸውም ደርቆ ሻግቷል። «ይህ እንጀራ ከቤት ስንወጣ ትኩስ ነበር፤ አሁን እነሆ ሻግቷል» አሉ። የእስራኤል አለቆች ሞኞች አልነበሩም፤ መጀመሪያውኑ «ምናልባት በመካከላችን የምትኖሩ ትሆናላችሁ» ብለው ጠርጥረው ነበር። ማስረጃ ጠየቁ፤ ማስረጃም ቀረበላቸው፤ ስንቁን በእጃቸው ያዙት። ነገር ግን የእግዚአብሔርን ምክር አልጠየቁም ይላል መጽሐፉ። ቃል ኪዳን ገቡ፤ ማሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን ሰሙ።

ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ብቻ ቢቆዩ ኖሮ ነገሩ ራሱ ይገለጥ ነበር። ስሕተታቸው አለመመርመር አልነበረም፤ የመረመሩት ራሱ ተጠርጣሪው ያቀበላቸውን ብቻ መሆኑ ነው። የሻገተውን እንጀራ ያመጣው ማን ነው? ደረሰኙን በእጄ ያስጨበጠኝ ማን ነው? እኛ «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» እንላለን፤ ምንጩ ያልታየ ማስረጃ ማስረጃ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 17፥11 የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት በዚህ ነው። ቃሉን በሙሉ ፈቃድ ተቀበሉ፤ ይህ የልብ ገርነት ነው። ነገሩ እንዲህ ይሆንን ብለውም ዕለት ዕለት መጻሕፍትን መረመሩ፤ የመረመሩትም ሰባኪው ያመጣላቸውን ወረቀት አይደለም፤ ከእርሱ በፊት በእጃቸው የነበሩትን መጻሕፍት ነው። የሰበከላቸውም ጳውሎስ ነበር፤ ጳውሎስን መመርመር ካላስነቀፈ ማንን መመርመር ያስነቅፋል?

ይህን ሁሉ ስል አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የምትሉ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ከአበው ተረት ጋር ትንሽ አልስማማም። ከመሐረቡ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በዚህ ተረት ኖሬአለሁ። ሰው መንገድ ሲጠይቀኝ ቦርሳዬን አጠብቅ ነበር፤ የሚረዳኝን ሁሉ «ምን ፈልጎ ነው?» እል ነበር፤ የዋሆችን ሳይ እስቅባቸው ነበር። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ምሳሌ 14፥6 «ፌዘኛ ጥበብን ይፈልጋል አያገኛትምም» ይላል፤ ልክ ነው፤ የሚነግረውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ውሸታም ያለ ሰው ከማን ይማራል? ቃልን ሁሉ የሚያምንና ቃልን ሁሉ የሚጥል ሁለቱም አንድ ድካም ይሸሻሉ፤ የመለየት ድካም። አላዋቂ ከሆነ ልጅ ይልቅ ተታልሎ የመረረ ሰው ለመማር ይከብደዋል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲታለል የምትሉት የመጀመሪያው ቃል ከተሰረቀው ገንዘብ የበለጠ ዋጋ አለው። «ድሮስ አንተ!» ያላችሁት እንደሆነ ሁለተኛ አይነግራችሁም። ያዕቆብ በመልእክቱ ጥበብ የጎደለው ሰው እግዚአብሔርን ይለምን ሲል «ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን» ብሎ የጨመረው፣ አላዋቂን ከመጠየቅ የሚከለክለው ነቀፋን መፍራቱ እንደሆነ ዐውቆ ይመስለኛል።

«ብልህ ግን አካሄዱን ይመለከታል» የሚለው ቃል ወዴት እንደሚያመለክት እዩልኝ። «የሰውን ፊት ይመለከታል፣ ጠላቱን ይሰልላል» አላለም። አካሄዱን፣ የራሱን እርምጃ ነው የሚመለከተው። ጥርጣሬ ዓይኑ ሌላው ሰው ላይ ነው፤ ብልሃት ዓይኑ የራሱ እግር ላይ ነው፦ እዚህ ላይ እሺ ብል ቀጥሎ የምረግጠው የት ነው? በዚህ ቁጥር «ብልህ» የተባለበት ዕብራይስጥ በዘፍጥረት 3፥1 እባብ የተገለጠበት ያው ቃል ነው፤ እዚያ አማርኛችን «ተንኰለኛ» ይለዋል። ያው ችሎታ በአንዱ እጅ ተንኰል፣ በሌላው እጅ ብልሃት ይሆናል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ያለው ይህን የሚያስታውስ ነው፤ በዚያ ላይ «የዋሆች» የተባለበት ግሪክኛ ደግሞ ያልተቀላቀለ፣ ያልተበረዘ ማለት ነው። ውኃ ያልገባበት ጠጅ በሉት። እባቡንና ርግቡን በአንድ ደረት ውስጥ አኑሩ ማለቱ ነው፤ ቀላል አይደለም።

ይህ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ መጽሐፉም እንዲያ አላለም። ከሚሰጣቸው መንገዶች ሁሉ እኔ የምወደው በሌላ ሰው እርሻ አጠገብ ማለፍን ነው። በምሳሌ 24 ጠቢቡ በታካች ሰው ወይን አጠገብ ያልፋል፤ እሾህ ሞልቶበታል፣ ቅጥሩ ፈርሷል። ቆሞ ያያል፣ ልብ ያደርጋል፣ ተግሣጽ ይቀበላል። ማንም አልሰበከለትም፤ የፈረሰ ካብ ነው ያስተማረው። በ19፥25ም ፌዘኛ ሲገረፍ አላዋቂው አይቶ ብልሃት እንደሚያገኝ ተጽፏል፤ ግርፋቱ በሌላው ጀርባ፣ ትምህርቱ በእርሱ ልብ። በፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጥሁባቸው ዓመታት ለእኔ እንዲህ ያለ እርሻ ነበሩ። እዚያው ነው የ18፥17ም ትርጉም የገባኝ፤ በክርክር ቀድሞ የተናገረ ጻድቅ ይመስላል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ። በበርጩማዬ ላይ የተቀመጠ ባለጉዳይ ሁሉ ጻድቅ ነበር፤ እያለቀስሁ የጻፍሁላቸው አሉ። የመልሱን ማመልከቻ ሳነብ ግን ሌላ ሰው ይመጣል። ከጊዜ በኋላ፣ ገና ባለጉዳዩ ሲናገር «ያኛው ወገን ቢኖር እዚህ ላይ ምን ይላል?» ብዬ መጠየቅ ለመድሁ። እርሱን ውሸታም ማለቴ አይደለም፤ ለሁለተኛው ሰው ወንበር ማስቀመጤ ነው።

የቅኔ ቤት ልጆችም ይህን በሌላ በኩል ይማሩታል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ቃል ሲሰማ መጀመሪያ በደረሰው ትርጉም አይረካም፤ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጠብቃል። ሰለሞንም ገና ሲነግሥ «እኔ ታናሽ ብላቴና ነኝ፥ መውጫንና መግቢያን አላውቅም» ብሎ የለመነው፣ ዕብራይስጡን በቀጥታ ብናነበው፣ «የሚሰማ ልብ» ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ስሙን የያዘለት ንጉሥ የጀመረው አላዋቂ መሆኑን በመናገር ነው።

ይህች ከተማ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከገሊላዋ ናዝሬት ስም ወስዳ ናዝሬት ተብላ እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ እስከ ዛሬም የሚጠሯት አሉ። የገሊላዋን ናዝሬት ስም ሰምቶ የተጠራጠረው ናትናኤል ነው፤ «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» አለ። ፊልጶስ አልተከራከረውም፤ «መጥተህ እይ» አለው። ናትናኤልም ሄደ። ጌታም ሲያየው «ተንኰል የሌለበት» ብሎ መሰከረለት። ተንኰል የለበትም፤ ግን የተነገረውን ዝም ብሎ አልዋጠም፤ ጥያቄውን ግልጽ አድርጎ ተናገረ፤ ሆኖም በጥርጣሬው ቤቱ አልቀረም፤ ተነሥቶ ሄዶ አየ። «ለማንም አትናገር» እና «መጥተህ እይ» የሚሉትን ሁለት ጥሪዎች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ።

በወረቀት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ላንሣ፤ ሰዓታችን አልቋል። እንዲህ ይላል፦ «የእኅቴ ልጅ ሥራ ሊቀጠር ተያዥ ሁኚኝ ብሎኝ ባለፈው ሳምንት ፈረምሁለት። ወረቀቱን አላነበብሁም። ዛሬ ሲናገሩ ልቤ ደነገጠ። አሁን ምን ላድርግ?»

እናቴ፣ አይደንግጡ፤ መጽሐፉ የእርስዎን ጉዳይ በስሙ ያውቀዋል። በምሳሌ 6 መጀመሪያ ላይ ለባልንጀራው ዋስ ሆኖ በአፉ ቃል የተጠመደ ሰው አለ። ጠቢቡ «ለምን ፈረምህ?» ብሎ አንድ ቁጥር እንኳ አላጠፋም። ሂድ፣ ራስህን ዝቅ አድርግ፣ ባልንጀራህን ነዝንዝ ነው ያለው። የልጁን ፊት አይፈሩ፤ የሚወድዎ ከሆነ አይቀየምም። የፈረሙበትን ውል ቅጂ ይጠይቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1922ኛው አንቀጽ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈልጉት ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ካለ፣ ያንን ያህል ለመክፈል አቅም እንዳለዎት ራስዎን ይጠይቁ። ከሌለዎት ለቀጣሪው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ልጁም ሌላ ተያዥ ይፈልግ። ማመልከቻውን ያለ ዋጋ እጽፍልዎታለሁ፤ ጠዋት ይምጡና ያግኙኝ፤ ወረቀቱን ይዘው። ልጁን ማነጋገሩን ግን እስከ ጠዋት አያቆዩት፤ ጠቢቡ በዚያው ምዕራፍ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ ብሏልና፣ ቤቱ ሩቅ ካልሆነ የመዝጊያውን ጸሎት እንኳ ሳይጠብቁ ይነሡ፤ በሩ በኋላ በኩል ክፍት ነው።